ስኳሩ ውስጥ የተገኘው ጥፍር

ከስኳሩ ውስጥ ጥፍር አወጣሁ። ጠዋት ሻይ ቀድቼ ማንኪያውን ወደ ስኳር ዕቃው ሰደድ አድርጌ ሳወጣው ከላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት፤ ሮዝ፣ ረጅም፣ ጫፉ እንደ አካፋ የተቆረጠ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር የራሴን ጣቶች መቁጠር ነው። ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ከዚያ በኋላ ነው መጮህ የጀመርኩት። ልጄ ዳቦውን በአፉ እንደያዘ ብቅ አለ። የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ በጠዋት ሰው አያናግርም። ማንኪያዬን አየ፣ ዳቦውን ከአፉ አወጣና «ለሙጫ ንገሪያት፤ ከዚህ ቤት ወይ ጥፍሩ ይውጣ ወይ እኔ!» ብሎ በሩን ዘግቶት ሄደ። ሙጫ የሚላት የገዛ ልጁን ነው፣ የልጅ ልጄን። የሰው ጥፍር መቀጠል ልማር ብላ ከወጣች ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። እሷም አባቷን አታናግረውም። በሦስት ሰው ቤት ውስጥ ሁለቱ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ነው። እኔ እንደ ስልክ ሆኛለሁ፤ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ ይሰማል፣ የምግለው እኔ ነኝ።

ልጅቷ ለጩኸቴ አልወጣችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፍታለች። በኛ ቤት የሚታጠብ ልብስ ሳይኖር፣ የሚታጠብ ሳህን ሳይኖር ቧንቧ ከፈሰሰ ሰው እያለቀሰ ነው ማለት ነው። ጆሮን በር ላይ መለጠፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬ ሳይለጠፍ መስማት ከተወ ቆይቷል፣ ምን ላድርግ። ከጎረቤታችን ከልብስ ሰፊዋ ልጅ ጋር በስልክ እያወራች ነበር። «እባክሽ፣ እስከ ማታ ብቻ… አይወልቅም ስልሽ… እሺ፣ ያለፈው ወልቋል፣ ገባኝ… እሱም ወልቋል፣ እሺ…» ከዚያ የቧንቧው ድምፅ ብቻ ቀረ። አፍንጫዋ ቀልቶ ስትወጣ ከበሩ ሥር ያገኘችኝ ቢሆንም አልተቆጣችኝም። ያኔ ነው የፈራሁት። የኔ ልጅ ካልተቆጣችኝ ነገሩ ከባድ ነው።

ነገሩን ከአፏ እየጎተትኩ አስወጣሁት። የምትለማመድበት የውበት ሳሎን ባለቤት ከትናንት ወዲያ ተማሪዎቹን ሰብስባ ገሥጻታለች። የምትለጥፋቸው ጥፍሮች አይበረክቱም። ቲፕ ይሉታል፤ የሰው ጥፍር ጫፍ ላይ ተለጥፎ ጥፍሩን የሚያስረዝም ፕላስቲክ ነው። የአንዷ ደንበኛ ቲፕ እራት ግብዣ ላይ ሾርባ ውስጥ ገብቶ የተገኘው ባሏ አፍ ውስጥ ነው። የሌላዋ ታክሲ መስኮት ላይ ቀርቷል። ባለሳሎኗን አንድ ቀን አይቻታለሁ፤ ሰው ዝም እንዲል ስትፈልግ አትናገርም፣ ረጃጅም ጥፍሮቿን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ ያን ጊዜ የፀጉር ማድረቂያው ሁሉ ዝም የሚል ይመስላል። እንደዚያ ጠቅ ጠቅ አደረገችና «ችግሩ እጅሽ ነው። አንዳንድ ሰው እጁ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም» አለቻት። ቀጥላም ዛሬ ሳሎኑ ከመዘጋቱ በፊት ዐሥሩንም ጣት ራሷ የሠራችለትን አንድ ሰው ይዛ እንድትመጣ፣ ከዐሥሩ አንዱ ከተነሣ ግን ሽርጧን ሰቅላ እንድትሄድ ነገረቻት። እጇን ላውስ ብላ የነበረችው የሰፊዋ ልጅ ደግሞ ይኸው ካደች። አባቷም ቀደም ሲል ጥፍሮቹ እየወለቁ መሆኑን በኔ በኩል ሲሰማ «እጇ ለሥራ እንዳልሆነ አልነገርኳትም?» ብሎ ነበር። ያቺን አንዲት ቃል እንኳ ላሳልፍላት አልፈለግሁም፤ ግን ግድግዳችን ስስ ነው።

«ስንት ጣት ነው የሚያስፈልገው?» አልኳት።

«ዐሥር።»

«እኔስ ስንት አለኝ?»

እጆቼን አየቻቸው። እኔም አየኋቸው። ስንት ዓመት ሲያጥቡ፣ ሲፈገፍጉ፣ ሲያሹ የኖሩ እጆች ናቸው፤ ጥፍሮቼ ሰፊና ዝርግ፣ አውራ ጣቴማ የሻይ ማንኪያ ነው የሚያህለው። እኔ ደግሞ ይህን የጥፍር ነገር እንደምፈራው የምፈራው የለም። ሙጫው ደም ውስጥ ይገባል ሲሉ ሰምቻለሁ። ምድጃ አጠገብ ይቀጣጠላል ሲሉም ሰምቻለሁ። በእንቅልፌ ዓይኔን ብወጋውስ? ግን «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባል የለ? ነጠላዬን ለበስኩና «ተነሺ» አልኳት። ሳቅ እያለች ተነሣች፤ አፍንጫዋ አሁንም ቀይ ነው።

አሮጌው ሳጥን ውስጥ የቀሩት ቲፖች ስለማይበቁ መግዛት ነበረብን። እንደ ሁልጊዜው ባለሳሎኗ ከመሳቢያዋ አውጥታ ለተማሪዎቿ የምትሸጠውን ዓይነት፣ ሽፋኑ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ያለበትንና አንዲት ሴት ጉንጯን በጥፍሮቿ ይዛ የምትስቅበትን ሳጥን ነበር ያሰበችው፤ ባለሳሎኗ አንደኛ ደረጃ ነው ብላቸዋለችና። የጥፍር ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ አንድ ፎቅ ሥር፣ ደረጃ ተወርዶ፣ በስልክ መሸፈኛ ሻጭና በዊግ ሻጭ መካከል ነው። ግድግዳው ላይ ክንድ የሌላቸው የፕላስቲክ እጆች ተደርድረው ወደኛ ይዘረጋሉ፤ ልቤ ፈራ፣ ግን ለልጅ ሲባል አይታይም። ባለሱቁ ራሱ ለማስታወቂያ ይሁን ለሌላ እንጃ፣ ትንሿ ጣቱ ላይ ወርቃማ ጥፍር ለጥፏል። ስኒ ሲያነሣ ያቺን ጣት እንደ ባንዲራ ያቆማታል።

የሚያብለጨልጨውን ሳጥን አወረደልን። ዋጋው የአንድ ኪሎ ሥጋ ነው። «ይከፈት» አልኩት።

«ጥፍር ጥፍር ነው፣ እማማ። ምኑ ይታያል?»

«ድንችም ድንች ነው፤ ግን ተገላብጦ ነው የሚገዛው።»

ከፈተው። ካሉት ሁሉ ትልቁን አነሣሁና አውራ ጣቴ ላይ አስቀመጥኩት። ጣቴ ዝርግ፣ እሱ ጎባጣ፤ በወንዝ ላይ እንደተዘረጋ ድልድይ ሆኖ፣ ከሥሩ የአምፖሉ ብርሃን ያልፋል። ጫን አልኩት፣ ተኛ። ለቀቅኩት፣ እንደ ፌንጣ ዘሎ ባለሱቁ የደረት ኪስ ውስጥ ገባ። ባለሱቁ ሳቀ፣ ዊግ ሻጩም ከወዲያ ሳቀ፣ እኔም አፈርኩ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እጁን ኪሱ ሰድዶ እስኪያወጣው እንኳ አልጠበቀችም፤ ሌላ አነሣችና «እማማ፣ እንደገና ጫኚው» አለችኝ። ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከጣቴ ትይዩ አደረገች። «አሁን ልቀቂው።» ዘለለ። ወለሉ ላይ የወደቀውን አንሥታ አገላብጣ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለኔ ይሁን ለራሷ ሳይታወቅ፣ «የሚተኛው ስለያዝኩት ነው እንጂ ስለሚገጥም አይደለም» አለች። «ሙጫ ቀብቼ በግድ ነው የማስተኛው። እጄን ሳነሣ እሱ መነሣት ይጀምራል።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሌላ ሰው ሆነች። ይሄን ክፈት፣ ያንን አውርድ፤ ባለሱቁ መሰላል ላይ ወጥቶ ቀረ። ከሚያብለጨልጨው አንዱን ስታጥፈው መሀሉ ላይ ነጭ መስመር አወጣና ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ከላይኛው መደርደሪያ ሥዕልም ጌጥም የሌለው፣ ቀለሙ ውሃ የበዛበት ወተት የመሰለ፣ ክፍልፋይ ያለው ሳጥን ወረደ፤ ከዚያኛው አንዱን አጠፈችው፣ እስኪገናኝ ድረስ ጎበጠና ስትለቀው ወደ ቦታው ተመለሰ፣ መስመርም አላወጣ። አምፖሉ ላይ አነሣችው፤ አረፋ እንዳለው፣ አንዱ ጎን ወፍሮ አንዱ ሳስቶ እንደሆነ አየች። ጥፍር ላይ የሚቀመጠውን ክፍል በጣቷ ዳበሰችው፤ የፊተኛው እዚያ ላይ እንደ ደረጃ ወፍራም ነበር፣ ይሄኛው ሳስቶ ያልቃል። እኔ በበኩሌ ቅር ብሎኛል። ከለበስኩ አይቀር የሚያብለጨልጨው ይሻለኝ ነበር፤ ይሄ የመድኃኒት ቤት ዕቃ ነው የሚመስለው። ባለሱቁም ያንን ሊያሻሽጥ «ለእናታችን አውራ ጣት ትንሽ ቢጠብ ማን ያየዋል?» አላት። «ከጠበበ ጎንና ጎኑን እየተጫነ ያሳምማታል፣ ከዚያ ይነሣል» አለችው፤ «ከሰፋ ግን በሞረድ አጠበዋለሁ።» ሰፊና ዝርግ የሆነው፣ አውራ ጣቴ ላይ ማንም ሳይጫነው ጸጥ ብሎ የተኛው፣ ከዚያ ከሥዕል አልባው ሳጥን ተገኘ። ዋጋውን ሲናገር የምቀመጥበት ወንበር ፈለግሁ። ከፈልኩ።

ቤት ስንገባ ብርቱ የጠረጴዛ መብራት ልትዋስ ወደ ሰፊዋ ቤት ሄደች። እኔና ሳጥኑ ብቻችንን ቀረን። እስቲ ፍረዱኝ፤ ስንት ሰው የነካካው ዕቃ ነው፣ ያ ሰውዬ በዚያች ወርቃማ ጣቱ ሲያገላብጠው ዓይቻለሁ፣ የሚለጠፈው ደግሞ ገላ ላይ ነው። ነገ ጣቴን ሲያመረቅዝብኝ፣ የደንበኛ ጣት ሲያብጥ፣ ማን ሊጠየቅ ነው? ውሃ አፈላሁ። ሳጥኑን በየክፍሉ እያራገፍኩ ሁሉንም ድስት ውስጥ ከተትኩት። ካጸዱ አይቀር ብዬም ከአሮጌው ሳጥን የቀሩትንና ከስኳሩ ያወጣሁትን ጨመርኩበት። በሳሙና አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፣ ትሪ ላይ አሰጣሁ። እንደዚያ ቀን በራሴ ኮርቼ አላውቅም። መብራቱን አቅፋ ስትገባ «እናትሽ አጥቤልሻለሁ!» አልኳት።

በሩ ላይ ቆመች። አልጮኸችም። ቧንቧም አልከፈተችም። «ቁጥር ነበራቸው፣ እማማ» አለች፤ «ቁጥሩ ሳጥኑ ላይ ነው እንጂ እነሱ ላይ አይደለም። እያንዳንዱ ልኩ ሌላ ነው።» ትሪው ላይ ያለው እንደ ጎተራ እህል ነው። ለኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ጥፍር ነው። ፀሐዩ ከመስኮቱ እያለፈ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ፤ መሬት ግን ስትፈለግ አትከፈትም፣ የተከፈተው በሩ ነው፣ ልጄ ለምሳ ገባ።

ጠረጴዛው ላይ ጥፍር። የሱ ወንበር ፊት፣ የሱ ሳህን አጠገብ፣ ጥፍር። ጣሪያው እስኪነሣ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቆሞ ትሪውን ያያል። አንድ ነገር አይችልም ይህ ልጅ፤ የተደባለቀ ዕቃ አይችልም። ሱቁ ውስጥ ብሎኑ ሁሉ በየልኩ በየቆርቆሮው ነው፤ አንዱ ከሌላው ጣሳ ከተገኘ እንቅልፍ አይወስደውም። ሳህኑን ገፋ አደረገ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ ተቀመጠና «ትልቁ የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ትልቁ የቱ ነው ይላል» አልኳት፣ አጠገቡ ቆማ ሳለ።

«ዜሮ ነው በይው።»

«ዜሮ ነው ትላለች።»

«ዜሮ ትልቅ የሚሆነው የት አገር ነው?»

«የት አገር ነው ይ—»

«እንደዛ ነው የሚቆጠረው በይው! ዜሮ ትልቁ፣ ዘጠኝ ትንሹ።»

ድስቱ ገነፈለብኝና ወደ ማብሰያ ቤት ሮጥኩ። ስመለስ ልገባ ስል በሩ ላይ ቆም አልኩ። «ይሄ ስድስት ነው» ይላል። «ሰባት ነው፣ አባዬ።» «እስቲ ከስድስቱ ጋር ጀርባና ጀርባ አድርገሽ አስተያዪው።» አስተያየቻቸው። «…እሺ፣ ስድስት ነው።» ቀስ ብዬ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። ማብሰያ ቤት ውስጥ ምንም የሚሠራ ነገር አልነበረኝም፤ ባዶ ድስት እያማሰልኩ ቆየሁ።

በኋላ ሲጠራኝ ትሪው ባዶ ሆኗል፣ ሳጥኑ ሞልቷል። ጥግ ላይ ግን እፍኝ የማይሞሉ ብቻቸውን ቀርተዋል፤ እሳት እንዳየ ቅጠል ተጠቅልለው፣ ተጠምዝዘው። የስኳሩም ሮዝ ከነሱ ጋር ነው። «እነዚህስ ምን ሆነው ነው? ሌሎቹ ያንኑ ውሃ ጠጥተው ምንም አልሆኑ» አለ። ባለሳሎኗ ለተማሪዎቿ የምትሸጣቸው መሆናቸውን ልጅቷ ነገረችው። አንዱን አነሣና አጠፈው፤ ቀጭ አለ። ሁለተኛ አነሣ፤ ቀጭ። የተሰበረውን ወደ አፍንጫው ወስዶ አሸተተው፣ ሐሰተኛ ፍሬን ሸራ ሲያመጡለት እንደሚያደርገው። «ይሄ ፎርጅድ ነው። በዚህ ነው ስትሠሪ የከረምሽው?»

«አዎ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። ንጹሕ ነበር፤ ደግሞ ጠረገው። «እጅሽ አይደለማ» አለ፣ ወደ መነጽሩ እያየ። እሷ የቀዘቀዘውን ሳህን ወስዳ አሞቀችለት።

ከሰዓት እኔ የቀዶ ሕክምና ታማሚ ሆንኩ። መብራቱ ሥር እጄን ዘረጋሁ፣ ልጅቷ ጥፍሬን በሞረድ ሻከር አደረገችው፣ አቧራውን ጠረገችው፣ በየጣቱ ልኩን እየፈለገች አስቀመጠች። ሙጫውን ጠብታ አድርጋ ቲፑን ዘንበል አድርጋ ከጥፍሬ ጫፍ ታስነካዋለች፣ አየር እንዳይገባ ቀስ ብላ ታስተኛዋለች፣ ይዛ ትቆያለች። አሁን ትይዘዋለች እንጂ አትጫነውም። «ደሜ ውስጥ ገባ እንዴ?» ስላት «እማማ፣ ጣትሽን ሳይሆን አፍሽን ነው መለጠፍ የነበረብኝ» አለችኝ። ቆረጠች፣ ሞረደች፣ አቧራው አስነጠሰኝ፤ ቀለም አልፈልግም ብዬ ተከራክሬ ቀይ፣ ልክ የበሰለ ቲማቲም፣ ተቀባሁ። ሲያልቅ እጆቼ የኔ አልነበሩም። ነጠላዬን አልለብሰው፣ ሹራቤን አልቆልፈው፣ የግፊት ክኒኔን ከማሸጊያው አላወጣው። ልጄ አንድ በአንድ ቁልፌን ቆለፈልኝ፣ ክኒኑንም አፌ ውስጥ አደረገልኝ፤ ሁለታችንም በየፊናችን ሌላ ሌላ ቦታ እያየን። ለካ ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። መንገድ ላይ ሁለቱን እጆቼን ከፊቴ ዘርግቼ፣ የማይታይ ትሪ የተሸከምኩ ይመስል፣ በሰዎች መካከል አለፍኩ። አንዷ ጎረቤት ልትጨብጠኝ ብትመጣ «አይነካም!» ብዬ ጮህኩባት።

ሳሎኑ ሊዘጋ ደርሶ ነበር። ባለሳሎኗ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሞዴልሽ እኚህ ናቸው?» አለች፤ ሌሎቹ ተማሪዎች ሳቁን በመዳፋቸው ያዙት። እጄን ተቀብላ መብራት ሥር አደረገችው፣ በጎን አየችው፣ በፊት አየችው። ጣቶቼን ለብ ባለ ውሃ ነከረች። ጠርሙስ ሰጥታ ክዳኑን እንድከፍት አደረገች። ከፈትኩ፤ ላቤ ወርዷል፣ ግን ከፈትኩ። የልጄ ልጅ ግድግዳው ጋ ቆማ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨብጣለች፣ መስቀያው ከራስጌዋ ነው። «ትንሽ ቢያምዎ ይታገሡኝ» አለችኝና ባለሳሎኗ ረጅሙን ጥፍሯን ከአውራ ጣቴ ቲፕ ሥር አስገብታ እንደ ቆርቆሮ መክፈቻ ወደ ላይ ሳበችው። ቀጭ! አለ። አንድ ነገር በጆሮዬ አጠገብ በርሮ መስታወቱን መታና ከወለሉ ፀጉር ውስጥ ወደቀ። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣቴን ነው። ቀይ፣ ሙሉ፣ በቦታው። ከዚያ የባለሳሎኗን አመልካች ጣት አየሁ፤ ጫፉ ባዶ፣ ላባዋን እንደተነጨች ዶሮ።

ማንም ጠቅ ጠቅ ሳያደርግ ሳሎኑ ዝም አለ። ልጅቷ ሄዳ ጎንበስ ብላ ከፀጉሩ መካከል አነሣችው። መሀሉ ላይ ነጭ መስመር ነበረበት። ስንት ነገር ልትል ትችል ነበር፤ እኔ ብሆን ስንቱን ብዬው ነበር፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ሽርጧን ዘርግታ ለበሰችና ወንበሩን ስባ፣ «ይቀመጡ፣ እትዬ፤ ላስተካክልልዎ» ብላ ሥዕል አልባውን ሳጥን ከፈተች። ባለሳሎኗ ተማሪዎቹን አየች፣ ጣቷን አየች፣ ተቀመጠች። ልጅቷ ልክ ስትፈልግላት ባለሳሎኗ ወደ ግድግዳው እያየች «ነገ ከሁሉም ቀድመሽ ግቢ» አለቻት። ቆየት ብላም «ሳጥኑንም ይዘሽ ነይ።»

ማታ ሻይ ላይ ልጄ ከሱቁ አሮጌ የብሎን ሣጥን ይዞ መጣ፣ ትንንሽ መሳቢያዎች ያሉት፤ ዘይቱን በነዳጅ አጥቦ አጽድቶታል። «ሙጫ!» ብሎ ጠራት። «አቤት!» አለችው። ከዚያ ተነሣ ጭቅጭቁ። ዜሮ የመጀመሪያው መሳቢያ ውስጥ ይግባ ትላለች፤ ትልቅ ዕቃ ከታች ነው የሚቀመጠው ይላል። «በሱቄ ቢሆን» ይላል፣ «ይሄ ሱቅህ አይደለም» ትላለች፣ «ሣጥኑስ የማን ሆነና» ይላል፤ ጣሪያው ተነሣ። ሻዬ እየቀዘቀዘ ነው። የስኳር ዕቃው ክዳን በነዚህ ጥፍሮች አልከፈት አለኝ። አንዴ ጠራሁ፣ ሁለቴ ጠራሁ፣ የሰማኝ የለም። እጄን አነሣሁና ቀዩን ጥፍሬን ጠረጴዛው ላይ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረግሁት።

ሁለቱም ዝም ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ስኳሩን አቀብሉኝ» አልኳቸው። «መጀመሪያ ግን ውስጡን እዩልኝ።»